የሐጂ ጁነይድ ፎቅ ጠርዝ

ዲንኪቱ ኩራ ነገሌ ውስጥ ቤት ስትነድፍ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በእንስሳት መድኃኒት መደብር መካከል አንዲት ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ፀሐይ ስለበላው ከመንገዱ ማዶ አይነበብም። ሰው ግን ያውቃታል። ከነገሌ እስከ ዶሎ ኦዶ ከቆሙት ፎቆችና የብሎኬት ቤቶች ስንቶቹ በእጇ እንዳለፉ ራሷም አታስታውስም። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ውኃ ያቀራል፤ ከወንበሯ ስትነሳ ወገቧን ይዛ ትንሽ ቆማ ነው የምትራመደው። ሥራ እንዴት ነው ሲሏት «አለ፣ ይሠራል» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትጨምርም። ይህን ታሪክ ግን ራሷ ነገረችኝ።

አባቷ የከብት ነጋዴ ነበሩ። ሦስተኛ ልጃቸውን ሐዋሳ ልከው ድራፍቲንግ፣ ማለት የቤት ንድፍ፣ ሲያስተምሩ ዘመድ ሁሉ ስቆባቸዋል። ለእረፍት መጥታ የመጀመሪያ ሥራዋን ብታሳያቸው ወረቀቱን ግራና ቀኝ አዙረው አዩትና «ይሄ ቤት ጣራ የለውም?» አሏት።

«ከላይ ሲታይ ነው፣ አባ።»

«ከላይ የሚያየው አሞራ ነው» አሉ። ወረቀቱን ግን ጠቅልለው ከሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት።

በ1989 ዓ.ም. ነገሌ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ያኔ ሥራው በቀለም ብዕርና በስስ ወረቀት ነበር። መስመር ከተሳሳተ ቀለሙን በምላጭ ፍቆ ማንሳት ነው፤ የተፋቀበት ቦታ ሳስቶ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ይታያል። ያየ ሁሉ እዚህ ጋ ተሳስታ ነበር ይላል። ኮምፒውተር ሲመጣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ የለመደችው እሷ ነበረች። ኦቶካድ የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም በሁለት ወር ተማረችው። በ2002 ሥራዋን ለቃ የራሷን ክፍል ከፈተች፤ በዓመቱ ደግሞ ሕንፃውን ቆሞ እንደሚታይ አድርጎ የሚያሠራውን አዲሱን ፕሮግራም ከአንድ የሐዋሳ ጓደኛዋ በሲዲ ተቀብላ ለብቻዋ መነካካት ጀመረች። አስተማሪ አልነበራትም። የማይገባት ነገር ሲያጋጥማት ሐዋሳ ትደውላለች፤ ኔትዎርክ ከሌለ ዝም ብላ ትሞክራለች።

በዚያ ፕሮግራም ሶሌታ፣ ማለት በሁለት ፎቅ መካከል ያለው የአርማታ ወለል፣ የሚሠራው ጠርዙን በመዞር ነው። ከአንዱ ማዕዘን ይጀመራል፤ በማውስ ነጥብ እየተጣለ ዙሪያው ይኬዳል፤ መነሻው ላይ ሲደረስ ወለሉ በራሱ ይሞላል። ዋናው ነገር ጠርዙ የት ላይ ይቆማል የሚለው ነው። ግድግዳው መሃል ላይ ከቆመ ግማሹ ግድግዳ መቀመጫ ያጣል። ወለሉን ከሚሸከመው ቢም አልፎ ከወጣ በረንዳ ይሆናል፤ በረንዳ ደግሞ ከሥሩ ምሰሶ የለውም፣ የሚይዘው በውስጡ ያለው የፌሮ ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ስንት ይውጣ የሚለውን ኢንጂነሩ አስልቶ ይወስናል፤ ንድፍ ሠሪዋ ያንኑ ታስገባለች።

በ2003 ሐጂ ጁነይድ ቢሮዋ መጡ። በስኳርና በሩዝ ጅምላ ንግድ የታወቁ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በዋናው መንገድ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሊሠሩ አሰቡ፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቢሮና መኖሪያ፣ በየፎቁ በመንገዱ በኩል በረንዳ። ለዲንኪቱ እስከዚያ ቀን ካገኘችው ሥራ ሁሉ ትልቁ ነበር። በአዲሱ ፕሮግራም ሠራችው። የአንደኛውን ፎቅ ወለል ጠርዝ ዞረችና እሱኑ ገልብጣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ አስቀመጠችው። በረንዳው አንድ ሜትር ከስልሳ ይወጣ ነበር።

የሕንፃውን ስሌት የሠራው የሐዋሳ ኢንጂነር ንድፉን አይቶ ደወለላት። «አንድ ሜትር ከስልሳ በዝቷል። እኔ ያሰላሁት በአንድ ሜትር ከሃያ ነው፤ ጠርዙን መልሺው» አላት።

«እመልሰዋለሁ» አለች።

መለሰችውም። ከዚያ ወረቀቱ ታተመ፣ ፈቃድ ወጣ፣ ግንባታው ተጀመረ።

ፎርማኑ ሞሉ የሚባል የተልተሌ ሰው ነበር። አናጢነቱን ከጣሊያን ሠራተኞች ከተማረ አንድ ሽማግሌ የተማረ፣ በከተማው የተመሰከረለት ባለሙያ። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ንድፍ ማንበብ ላይ ግን ማንም አይቀድመውም፤ ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። ሐጂ ጁነይድ ሲጠሩት «ልጄ» ነበር የሚሉት። ሕንፃው በሁለት ዓመት አለቀ። በምርቃቱ ቀን ሐጂ ሞሉን ከጎናቸው አስቀምጠው አበሉት።

በ2008 የበልግ ዝናብ ጊዜ በሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ሥር፣ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ታየ። መጀመሪያ እንደ ፀጉር ቀጭን ነበር፤ በወሩ ጣት አስገባ። ዝናብ ሲጥል ውኃው ወደ ጠርዙ እየሄደ ይከማች ጀመር፤ በረንዳው ወደ መንገዱ አዘንብሏል ማለት ነው። የሁለተኛው ፎቅም እንዲሁ ሊሆን ዳዳው። ሐጂ የሁለቱንም ፎቅ የበረንዳ በሮች በቁልፍ ዘጉና ሕንፃውን የሠሩትን ሰዎች ጠሩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበር ተዘረጋ። የሰፈር ሽማግሌዎች መጡ፣ ሁለት ሌሎች ግንበኞችም ነበሩ። ዲንኪቱ የኢንጂነሩን የስሌት ጥራዝ ይዛ መጣች።

ሜትር ተዘረጋ። አንድ ሜትር ከስልሳ።

«ሞሉ፣ ለምን አርባ ሳንቲ ሜትር አስወጣኸው?» አሉት ሐጂ።

«በወረቀቱ ነው የሠራሁት» አለ ሞሉ።

«ወረቀቱ የታለ?»

የሥራ ቦታው ወረቀት ከግንባታው በኋላ በእቃ ቤቱ ውስጥ ቀርቶ ምስጥ በልቶት ነበር። ሁሉም ወደ ዲንኪቱ ዞሩ። እሷም ጥራዙን ገልጣ የኢንጂነሩን ገጽ አወጣችና ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ለሁሉም አሳየች። «ወረቀቱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው የሚለው» አለች። «ስህተቱ ሥራው ላይ ነው።»

ያለችው ይህንን ብቻ ነው። ስትናገር ምንም ጥርጥር አልነበራትም። ሞሉ አያት። ሐጂ አልከሰሱትም፣ አልሰደቡትም። «ልጄ፣ ቢያንስ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር» ብለው ተነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በነገሌ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ሰው በስሙ ላይ ስም ጨመረለት፤ «የበረንዳው ሞሉ» አሉት። በዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሜጋ ሄደ። ዲንኪቱ መሄዱን በወሬ ሰማች፤ አዘነች፣ ሥራዋን ቀጠለች።

ሐጂ ጁነይድ በ2013 አረፉ። ከዚያ ድርቁ መጣ። ከብት አለቀ፣ ከብት ያለቀበት ሰው ቤት አይሠራም፤ የዲንኪቱ ቢሮ ሳምንት ሙሉ ሰው ሳይረግጠው የሚውልበት ጊዜ ነበር። ዝናቡ ተመልሶ ከተማው ትንሽ ሲነቃ፣ በ2016 መጀመሪያ፣ የሐጂ ልጅ ፈርሃና መጣች። ንግዱን ከአባቷ ተረክባ የምትመራው እሷ ናት፤ ቀጥ ያለች፣ ቃል የማታበዛ ሴት።

«የአባቴን ፎቅ ልጠግነው ነው» አለቻት። «ክሊኒክ ሊከራዩት ይፈልጋሉ፤ በረንዳዎቹ እንዲህ ሆነው ግን አይገቡም። አሁን ያለበትን ሁኔታ በትክክል ለክተሽ በኮምፒውተር ሥሪልኝ። ኢንጂነሩ በዚያ ላይ ነው የሚወስነው።»

ዲንኪቱ ሜትሯንና ቱንቢዋን ይዛ ሦስት ቀን ለካች። በየፎቁ በመስኮት ጎንበስ ብላ ክሩን ወደ ታች እየለቀቀች ጠርዙ ከግድግዳው ስንት እንደሚወጣ ጻፈች። አንደኛው ፎቅ አንድ ሜትር ከሃያ። ሁለተኛው አንድ ሜትር ከስልሳ። ሦስተኛው አንድ ሜትር ከስልሳ። ደብተሯ ላይ ስትጽፈው የሆነ ነገር ቆረቆራት፤ ሞሉ ከተሳሳተ ለምን በአንደኛው አልተሳሳተም? ግን ደክሟት ስለነበር አልተከተለችውም።

በማግስቱ ጠዋት ከአዲስ ከምትጀምር በድሮው ፋይል ላይ ብትሠራ እንደሚቀላት አሰበች። የድሮው ላፕቶፕ ከሞተ ቆይቷል፤ ፋይሎቹን ግን በሃርድ ዲስክ አስቀምጣቸው ነበር። ፈልጋ አገኘችው፤ ከፈተችው። ሕንፃው በስክሪኑ ላይ ቆመ፤ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት በሠራችው ቀለም፣ ሱቆቹ ቡና ዓይነት፣ ግድግዳው ነጭ። አንደኛውን ወለል ነካችው። ጠርዙ በራ፤ ልኩን አነበበች። አንድ ሜትር ከሃያ። ሁለተኛውን ነካችው።

አንድ ሜትር ከስልሳ።

ሦስተኛውን ነካችው። አንድ ሜትር ከስልሳ።

ኢንጂነሩ በደወለ ጊዜ የመለሰችው የአንደኛውን ጠርዝ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙን ገና እየተማረች ነበር፤ አንዱን ስትቀይር ከእሱ የገለበጠቻቸውም አብረው የሚቀየሩ መስሏት ነበር። አልተቀየሩም። እያንዳንዱ ወለል ለብቻው የቆመ ነው፤ የተነካው ይቀየራል፣ ያልተነካው እንዳለ ይቀራል። የጎን ገጽታውን ደግሞ በለመደችው በኦቶካድ ለብቻው ስለሣለችው ስህተቱ እዚያ ላይ አልታየም። ለሞሉ ታትሞ የተሰጠው የየፎቁ ንድፍ ግን ከዚህ ፋይል የወጣ ነው። የሁለተኛውን ፎቅ ገጽ ከፈተችው። ቁጥሩ ጠርዙ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ 1.60።

ሞሉ በወረቀቱ ነው የሠራው።

ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ ሕንፃው እንደበራ ነበር። ጎረቤቷ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ መጥቶ ጄኔሬተር ላስነሳልሽ ወይ ቢላት «ተወው» አለችው። ባትሪው አልቆ እስኪጠፋ ድረስ ሕንፃውን አየችው።

ባሏ ዋሪዮ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ የእርዳታ እህል ወደ ዶሎ ኦዶ ያመላልሳል። ዓርብ ሲመጣ ነገረችው። ጫማውን እያወለቀ ሰማት።

«ስምንት ዓመት ያለፈ ነገር ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰው አልሞተበትም።»

«ሰውየው ከአገሩ ወጣ።»

«ሜጋ አገር አይደለም? እኔ ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ ሠርቶ ይበላል። አሁን ብትናገሪ ምን ይመጣል? እሱ ተመልሶ ወጣት አይሆን። አንቺ ግን ሥራሽን ታጫለሽ። በዚህ በደረቀ ዘመን።»

«እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ» አለች። «ሥራው ማለቴ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፤ ሞሉን አይደለም።»

ዋሪዮ አየት አደረጋት። «እኔ አትናገሪ አላልኩም» አለ። «ደክሞኛል ዲንኪቱ። አንቺም ደክሞሻል። ያልኩት እሱን ነው።»

ሁለት ሳምንት አለፈ። በዚያ ሁለት ሳምንት አዲሱን ንድፍ በትክክል ሠርታ ጨረሰች፤ የድሮውን ፋይል ለማጥፋት አንድ ጊዜ እጇን አንስታ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ያላጠፋችው ደግ ስለሆነች አይደለም፤ ካጠፋችው በኋላም እንደምታውቀው ስለገባት ነው። እንዲህ ብላ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ ፈርሃና ሱቅ ሄደች። ፈርሃና ጆንያ እያስቆጠረች ነበር፤ ፊቷን አይታ ሠራተኞቹን ትታ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ዲንኪቱ ላፕቶፑን ከፍታ ሦስቱን ወለል አንድ በአንድ እየነካች አሳየቻት። ማብራራት አላስፈለጋትም። ፈርሃና ቁጥር ታውቃለች።

«መቼ አወቅሽ?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት።»

«ሁለት ሳምንት ዝም አልሽ።»

«አዎ።»

ፈርሃና የሻሿን ጫፍ ስታጣጥፍ ቆየች። «አባቴ ታሞ በነበረ ጊዜ ስለ ሞሉ ያነሳ ነበር» አለች። «‘ውሸታም አይመስለኝም ነበር፤ ሰው አይታወቅም’ ይል ነበር። እንዲሁ እንዳለ ሄደ።»

ዲንኪቱ ላፕቶፑን ዘጋችው።

«ሌላ ንድፍ ሠሪ ልፈልግ እችል ነበር» አለች ፈርሃና። «ግን የለካሽው ትክክል ነው፤ አስቀድሜ በሌላ ሰው አስለክቼዋለሁ። ሥራውን ጨርሺ። ለሞሉ ግን እኔ አልነግረውም። የተናገርሽው አንቺ ነሽ።»

ከነገሌ ሜጋ ሩቅ ነው። በአረሮ በኩል ያቤሎ ደርሳ አደረች፤ በማግስቱ በሞያሌ አውቶብስ ሜጋ ወረደች። ሙሉ ቀን በአቧራ መንገድ የተንገጫገጨ ወገቧ ቀጥ አልል ብሏት ነበር። ሻይ ቤት ጠየቀች፤ አናጢው ሞሉ ብትላቸው ወዲያው አሳዩአት። ከነዳጅ ማደያው አለፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ለጭነት መኪናዎች የሳንቃ ሣጥን ይሠራል። ጢሙ ነጭ ሆኗል። አንድ ሳንቃ በጉልበቱ ደግፎ ይለካ ነበር፤ ቀና ብሎ አያትና ወዲያው አወቃት።

«አካም፣ ናጋ?» አለች፤ እንዴት ነዎት፣ ሰላም ነው ማለቷ ነው።

«ናጋ። ነገሌ ናጋ?»

«ናጋ።»

ወንበር አወጣላት። ከዚህ በኋላ የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። ዲንኪቱ መግቢያ አላበጀችም። «ኦቦ ሞሉ፣ ፋይሉን አገኘሁት» አለችው። «ወረቀቱ አንድ ሜትር ከስልሳ ነበር የሚለው። ስህተቱ የእኔ ነው። አንቱ ትክክል ነበሩ።»

ሞሉ ሳንቃውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «አውቃለሁ» አለ።

«ያን ቀን ለምን አልተከራከሩም?»

«ተከራክሬያለሁ። በወረቀቱ ነው የሠራሁት አልኩ። ከዚያ አንቺ ጥራዝ ይዘሽ መጣሽ። እኔ ምን ይዤ ነበር?» ሞሉ ቀጠለ። «ደግሞ ከዚያ በፊትም ደውዬልሽ ነበር።»

«መቼ?»

«ሁለተኛውን ሶሌታ ከመሙላታችን በፊት። ፌሮው ተቆርጦ የመጣው ለአጭሩ በረንዳ ነው፤ ጠርዙ ላይ አይደርስም። ከሐጂ ሱቅ ስልክ ደወልኩልሽ። ፌሮው አርባ ሳንቲ ሜትር ያጥራል፣ ንድፉን አንድ ጊዜ እይው አልኩሽ።»

ዲንኪቱ አላስታወሰችም። ምንም። «ምን አልኩ?»

«‘ኦቦ ሞሉ፣ በወረቀቱ ሥሩ፤ ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል’ አልሽኝ።»

አንድ ከባድ መኪና ከመንገዱ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ሹፌሩ ሣጥኑ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀ፤ ሞሉ ነገ አለው። መኪናው ሄደ።

«እኔም ንጹሕ አይደለሁም» አለ ሞሉ። «ልቤ እያወቀ ቁራጭ ፌሮ ቀጣጥዬ ሞላሁት። ማቆም ነበረብኝ። ሐጂ ግን ይቸኩሉ ነበር፣ አንቺ ደግሞ የተማርሽ ነሽ። እሷ ካለች አልኩ።»

«ምን ላድርግ?» አለችው። «ሊያደርጉት የሚፈልጉት ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ሞሉ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እናቴ የሞተች ጊዜ ለቀብር ነገሌ መጥቼ ነበር። ከመቃብር ስንመለስ አንድ ሰው ለሌላው ‘ያ የበረንዳው ሞሉ ነው’ ሲል ሰማሁት። እናቴን ቀብሬ እየተመለስኩ።» ወደ እሷ አላየም። «በሐጂ ደጃፍ ነበር የተናገርሽው። እዚያው ተናገሪ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

«ይቅር ይሉኛል?»

«እሱን አሁን አትጠይቂኝ» አለ። ከዚያ ምሳ ጋበዛት፤ በላች። ወደ አውቶብስ ሲሸኛት ቦርሳዋን እሱ ያዘላት።

ፈርሃና ሽማግሌዎቹንና ግንበኞቹን በአንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት ከአሱር ሶላት በኋላ፣ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ጠራቻቸው። በ2008 ከነበሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። አምስት መጡ፤ ያኔ የነበሩት ሁለት ግንበኞችና ሌሎች የከተማው ባለሙያዎችም መጡ። ሞሉ አልመጣም። ዲንኪቱ ቆማ ተናገረች። ረጅም ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ ሲደርስ ግን አጠረ። ያን ቀን እዚህ ቆሜ የተናገርኩት ሐሰት ነበር አለች፤ ሐሰት መሆኑን ባላውቅም ሐሰት ነበር። የሠራሁትን ንድፍ ሳላይ የኢንጂነሩን ጥራዝ አሳየኋችሁ። ሞሉ በወረቀቱ ነው የሠራው፤ ወረቀቱ የእኔ ነው። ደውሎ ጠይቆኝም አልሰማሁትም። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጠርዞቹን አሳየቻቸው።

አንዱ ሽማግሌ፣ አብዱባ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ ያኔም ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልከፈትሽውም?»

«እርግጠኛ ነበርኩ፣ አባቴ። ለዚያ ነው ያልከፈትኩት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ ደጅ አንድን ሰው አዋርደን ሸኘን» አሉ ለሌሎቹ። «እሷ ብቻ አይደለችም። እኛም ሁለተኛ አልጠየቅንም።» ሌላ ብዙ አልተባለም። ከመካከላቸው አንዱ ግንበኛ እሷን ሳይሰናበት ሄደ። በዚያው ሳምንት ቤት ሊያሠሩ ንድፍ ያዘዟት ሁለት ሰዎች ወረቀታቸውን በትሕትና ተቀብለው ወሰዱ። ትቆጣለች ብለው ፈርተው ነበር፤ አልተቆጣችም።

ኢንጂነሩ በአዲሱ ልኬት ላይ ወሰነ። ሁለቱም በረንዳዎች በአርባ ሳንቲ ሜትር ይቆረጣሉ፣ ከሥር በኩልም ይጠናከራሉ። ኮንክሪት የሚቆርጥ ማሽን ከሐዋሳ መጣ። ፈርሃና ለሞሉ ደውላ ሥራውን እሱ እንዲመራው ጠየቀችው። መጀመሪያ እንቢ አለ። ከሳምንት በኋላ ግን፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ በጠዋቱ አውቶብስ የራሱን ሜትር በኪሱ ይዞ ደረሰ። «በረንዳውን ከሥር የሚደግፉትን ቋሚዎች አቁሜ እሄዳለሁ» አለ። «ያ በረንዳ በሰው ላይ ከወደቀ ስሜ ነው የሚጠራው።»

ቋሚዎቹን ሁለት ቀን አቆመ። ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እያየ ይህን አጥብቀው፣ ያንን አንሳው ይላል እንጂ ከሥራው ውጭ አይናገርም። በሦስተኛው ቀን መቁረጫው ሊነሳ ሲል ዲንኪቱን ወደ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ጠራት። በረንዳው ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር፤ በሩ ስምንት ዓመት ተዘግቶ ቆይቷል።

«ጠርዙን አንቺ አስምሪው» አላት።

ጠመኔ ሰጣት። ዲንኪቱ ተንበርክካ ከግድግዳው አንድ ሜትር ከሃያ ለካች፤ ነጥብ አደረገች። በሦስት ቦታ ለካች፤ ከዚያ ክር ዘርግታ አሰመረች። ወገቧ ስለያዛት ለመነሳት ግድግዳውን መደገፍ ነበረባት። ሞሉ የራሱን ሜትር አውጥቶ እሷ በለካችበት ሦስት ቦታ ለካ፤ ከዚያ እሷ ባልለካችበት በአራተኛ ቦታ ለካ። ለማሽኑ ሰው በእጁ ምልክት ሰጠው።

አቧራው መንገዱን ሞላው። ሰዎች ከማዶ ቆመው አዩ። የተቆረጠው ጠርዝ በገመድ ቁልቁል ሲወርድ ሞሉ ከሥር ሆኖ ተቀበለው፤ መሬት ከነካ በኋላ ውስጡን ጎንበስ ብሎ አየ፣ የቀጠላቸውን ቁራጭ ፌሮዎች በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው። በማግስቱ ወደ ሜጋ ተመለሰ። ፈርሃና ነገሌ ተመልሶ እንዲሠራ ለመነችው፤ ሣጥን የሚጠብቁ ሹፌሮች አሉኝ አላት።

ክሊኒኩ በ2017 ገባ። ሰው ስም ለመስጠት ይፈጥናል፣ ለማንሳት አይፈጥንም፤ ዛሬም ነገሌ ውስጥ አንዳንዱ የበረንዳው ሞሉ ይላል፣ የሰማ ሰው ካለ ያርመዋል። ከዲንኪቱ ወረቀታቸውን ከወሰዱት ሁለት ሰዎች አንዱ ተመልሷል፤ ሌላው አልተመለሰም። እሷ አሁን ለተልተሌ አንድ ትምህርት ቤት እየነደፈች ነው። አንድ ፎቅ ብቻ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱን ጠርዝ ለብቻው ትነካዋለች፣ ልኩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ከዚያ አትማ በወረቀት ደግሞ ታነበዋለች። ሥራው በእጥፍ ዘገየ። ዓይኗ ከቀድሞው ይልቅ ይደክማል። ብታቆም ደስ ይላት ነበር፤ ግን ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም፣ የዋሪዮ መኪናም እያረጀ ነው።

ባለፈው በልግ ለሞሉ ደውላለት ነበር። አላነሳም። ሁለተኛ አልደወለችም። ከሦስት ቀን በኋላ ራሱ ደወለና ሜጋ ጥሩ እንደዘነበ ነገራት፤ ነገሌስ ዘንቧል ወይ ብሎ ጠየቃት። ዘንቧል አለችው። ትንሽ ስለ ሣር ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሰው ጠርቶኛል ብሎ ዘጋ።